ከማረሚያ ቤት ደጅ እስከ ቀዬ

«የአልጋ ቁራኛ ሆነ» ስንል ሰንሰለቱ ትዝ አይለንም። በጥንቱ ዳኝነት ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ በሰንሰለት ወይም በልብሳቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው የሚውሉበትና የሚያድሩበት ሥርዓት ነበር። ተከሳሹ እንዳያመልጥ የሚጠብቀው ዘበኛ ሳይሆን ባላጋራው ራሱ ነው። ከዚህ ጣጣ የሚገላግለው ዋስ መጥራት ነበር።

«ወህኒ» የሚለውም ቃል የሩቅ አገር ቃል አይደለም። ከደቡብ ጎንደር እብናት ወረዳ ባሻገር፣ በበለሳ ምድር፣ ዙሪያዋ ገደል የሆነ አምባ ወህኒ አለች። በጎንደር ዘመን ለዙፋን ያሰጋሉ የተባሉ የንጉሥ ልጆች የሚጋዙት እዚያ ነበር። የአምባዋ ስም ለእስር ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ሁለቱ ቃላት ጥፋተኛን የመያዣ ሁለት መንገዶችን ያሳያሉ። ወህኒ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ቁራኛና ዋስ ግን ሰውን በሰው ይይዛሉ። የዛሬው ትውውቃችን ከሁለተኛው መንገድ ጋር ነው፦ ፍርደኛን ከግንብ ውጭ፣ በኅብረተሰቡ መካከል የማረም ሥራ። በደቡብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ በደብረ ታቦር ይህን ሥራ የሚመራው ማነው?

በሌላው ዓለም መልሱ ቀላል ነው። በአሜሪካ በብዙ አውራጃዎች ለዚህ ሥራ የተቋቋመ ክፍል፣ በላዩም ዳይሬክተር፣ በሥሩም ፍርደኞችን በየቤታቸው የሚከታተሉ ባለሙያዎች አሉ። አጀማመሩ ግን ከእኛው ዋስ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1841 ጆን አውግስጦስ የተባለ የቦስተን ጫማ ሠሪ በስካር የተከሰሰን ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ዋስ ሆነው፤ ሰውየው ተስተካክሎ ሲመለስም ዳኛው ከእስር ማረው። የሙያው አባት የሚባለው ይኸው ጫማ ሠሪ ነው። በዚያ ዓመት ደብረ ታቦር የራስ አሊ መቀመጫ ነበረች፤ ዋስና ቁራኛም የየዕለት ወግ ነበሩ።

 ዛሬ ደግሞ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ፍርደኛን ከግንብ ውጭ ለማረም የሚያስችሉ ሦስት በሮችን ይዟል። አንደኛው የግዴታ ሥራ ነው፤ እስከ 6 ወር ቀላል እስራት ሊፈረድበት የሚችልና ለኅብረተሰቡ የማያሰጋ ጤነኛ ሰው በእስራቱ ፈንታ ሥራ ሊታዘዝበት ይችላል። ሁለተኛው ገደብ ነው፤ ዳኛው ቅጣቱን ወስኖ አፈጻጸሙን ያግደዋል፣ ፍርደኛውም ለተወሰኑ ዓመታት ጠባዩን ጠብቆ ይኖራል። ሦስተኛው አመክሮ ነው።

አመክሮ ቃሉ ግእዝ ነው፤ መፈተን፣ መሞከር ማለት ነው። ገዳም ገብቶ ቆቡን ከመድፋቱ በፊት የሚፈተን ጀማሪም በአመክሮ ላይ ነው ይባላል። በሕጉም ያው ነው። የእስራቱን ሁለት ሦስተኛ የፈጸመ፣ የዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት የታሰረ ታራሚ፣ በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ካሳየና የሚችለውን ያህል ለተበዳዩ ከካሰ ሊለቀቅ ይችላል። 12 ዓመት የተፈረደበት ሰው 8 ዓመት ታስሮ ቢወጣ የቀሩት 4 ዓመታት አልተሠረዙለትም፤ የሚፈተንባቸው ዓመታት ሆኑ እንጂ። ብዙ ቤተሰብ «አመክሮው ተሰጠው» ሲል ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ፈተናው ግን የሚጀምረው ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ መሪው ማነው? በዞን ደረጃ ራሱን የቻለ የአመክሮ መሥሪያ ቤት አልተቋቋመም። ሥራው እንደ ደቦ ለብዙ እጅ የተከፋፈለ ነው፤ ደቦ ግን ጠሪ አለው። ገደብ የሚሰጠው ዳኛ ነው። የታራሚውን ጠባይ መዝግቦ ለአመክሮ የሚያቀርበው፣ በክልሉ የማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን ሥር ያለው ማረሚያ ቤት ነው። ውሳኔው ተመልሶ የፍርድ ቤት ነው። ከዚያ ወዲያ ሰውየው የቀበሌው፣ የፖሊሱ፣ የሰንበቴውና የዕድሩ ይሆናል። እያንዳንዱ የድርሻውን ጨርሶ ዘወር ይላል።

ከእነዚህ ሁሉ ክብደቱ በማረሚያ ቤቱ ኃላፊ ላይ ያርፋል። ኃላፊው በር ቆላፊ ብቻ አይደለም። ታራሚው ሽመና ወይም እንጨት ሥራ ተምሮ እንደሆነ፣ ፊደል ቆጥሮ እንደሆነ፣ ከሰው ጋር ተስማምቶ ይኖር እንደሆነ የሚናገረው መዝገብ በእሱ እጅ ነው። መዝገቡ በወጉ ካልተያዘ ዳኛው የሚያየው የቀን ስሌት ብቻ ይሆናል። በዝምድና ወይም በጥቅም ከተሞላ ደግሞ አመክሮ ፈተና መሆኑ ይቀርና ችሮታ ይሆናል።

የደቡብ ጎንደር ትልቁ ፈተና ግን ከበሩ ውጭ ነው፤ ደም። በድንበር፣ በግጦሽ ወይም በመጠጥ ቤት ጠብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ለመንግሥት ዕዳውን ቢከፍልም ለባለደሙ ገና አልከፈለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት መጥቶ ደብረ ታቦር የታሰረ ሰው የመፈቻው ቀን ሲቃረብ ከደስታው ጋር ስጋት ይገባዋል፤ መንገድ ላይ ማን ይጠብቀው ይሆን?

ይህን ቋጠሮ የሚፈቱት ሽማግሌዎችና ቀሳውስት ናቸው። መስቀል ይዘው ወደ ሟች ቤተሰብ ይመላለሳሉ፤ ካሳ ይቆርጣሉ፤ ገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ ይወድቃል፤ በመጨረሻም በመሐላ ደሙ ይደርቃል። ሽምግልናው የመንግሥትን ክስ አያስቀርም፤ በዕርቅ የሚዘጋው በግል አቤቱታ የሚቀርብ ቀላል ጉዳይ ነው። ሆኖም መጸጸቱና መካሱ ቅጣት ሲወሰንም፣ አመክሮ ሲጠየቅም ይመዘንለታል። ሕጉና ሽምግልናው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በገባበት ጦርነት የቀበሌ መዋቅር በብዙ ቦታ ስለተናጋ የሽማግሌው ሸክም የባሰ ከብዷል።

ዕርቅ ግን በአንድ ጀምበር አይፈጸምም። ሽማግሌው ስንት ጊዜ ደጅ ጠንቶ፣ ስንት ጊዜ «አልሰማም» ተብሎ ተመልሶ ነው ከዕርቅ ላይ የሚደርሰው። ታራሚው ወጥቶ አውቶቡስ ከተሳፈረ በኋላ ሽማግሌ መሰብሰብ የዘገየ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ መሪ የሚባለው ሰው ከባድ ተግባሩ አንድ ነው፦ መልእክቱ ከሰውየው ቀድሞ ቀዬው እንዲደርስ ማድረግ። የሁለት ሦስተኛው ቀን ከፍርዱ ዕለት ጀምሮ ሊሰላ የሚችል ነው። ቀኑ ሊደርስ ወራት ሲቀሩት ወረዳው ቢያውቅ፣ ወረዳው ለቀበሌው፣ ቀበሌው ለሽማግሌዎቹ ቢያሳውቅ፣ ባለደሙ ወሬውን ከገበያ አይሰማም፤ ቀድሞ የሚያንኳኳለት ሽማግሌ ይሆናል።

ይህን የሚያደርግ ሰው ዳይሬክተር ባይባልም፣ የጥንቱ ዳኛ «ዋስህን ጥራ» ሲል የፈለገውን እየሠራ ነው። የተፈታው ሰው ከጉና ተራራ ሥር ወርዶ ወደ መንደሩ ሲቃረብ የሚቀበለው ሰው አለ? ካለ አመክሮው ሰምሯል።