ስለ ብቸኛ የቨርቹዋል ማሽን ሰርቨር አቋቋም፥ አያያዝና የብልሽት ምርመራ

አንድ የትምህርት ክፍል የቤተ መጻሕፍቱን ዝርዝር፥ የተማሪዎቹን የምርምር ጽሑፎች ማኅደርና የላቦራቶሪውን የሒሳብ ሥራ በሦስት ልዩ ልዩ ኮምፒዩተሮች ያሠራ እንደ ሆነ፥ ሦስቱም አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትተው ይውላሉ። ሥራ ቢፈቱም ግን መብራት ይበላሉ፥ ይሞቃሉ፥ ያረጃሉ፥ ጠባቂም ይፈልጋሉ። ይህን ብክነት ለማስቀረት የተገኘው ዘዴ፥ አንዱን ጠንካራ ኮምፒዩተር በፕሮግራም አማካይነት ለብዙ ከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር ሆኖ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ይህ ክፍል «ቨርቹዋል ማሽን» ሲባል፥ የሚከፋፍለውና የሚቆጣጠረው ፕሮግራም «ሃይፐርቫይዘር» ይባላል። ኮምፒዩተሩን «አስተናጋጅ»፥ በውስጡ የሚሠሩትን ደግሞ «እንግዶች» ብለን እንጠራቸዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ብቻውን የቆመውን ሰርቨር ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ሦስትና ከዚያ በላይ ሰርቨሮችን አስተባብረው አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ ያደርጋሉ። ገንዘቡ ለአንድ ብቻ የበቃለት ክፍል ግን ይህ ዕድል የለውም። ያ አንዱ የቆመ ዕለት ዝርዝሩም፥ ማኅደሩም፥ ሒሳቡም አብረው ይቆማሉ። እንግዲህ የጽሑፉ ዋና አሳብ ይህ ነው፤ ብቸኛ ሰርቨር ተተኪ ስለሌለው፥ የተተኪውን ቦታ ሊይዝ የሚችለው የያዡ ሥርዓትና ጥንቃቄ ነው።

1. የነገሩ መሠረትና አጭር ታሪክ

(ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት በካምብሪጅ ከተማ የነበረው የአይቢኤም የሳይንስ ማእከል «ሲፒ 40» የተባለውን ሥርዓት በ1967 ሥራ ላይ አዋለ፤ ይህም በአንድ ኮምፒዩተር ላይ እስከ 14 የሚደርሱ ቨርቹዋል ማሽኖችን ያሠራ ነበር። በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ የተባሉ ሊቃውንት እንዲህ ያለው ተቆጣጣሪ ሊያሟላቸው የሚገቡትን ሦስት ነገሮች ለይተው ጻፉ። አንደኛ፥ ፕሮግራሙ በእንግዳው ውስጥ የሚያሳየው ጠባይ በእውነተኛው ኮምፒዩተር ላይ ከሚያሳየው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛ፥ የኮምፒዩተሩ ሀብት በሙሉ በተቆጣጣሪው እጅ ሊሆን ይገባል። ሦስተኛ፥ አብዛኛው የእንግዳው ትእዛዝ ተቆጣጣሪው ሳይገባበት በቀጥታ በፕሮሰሰሩ መፈጸም አለበት።

ዛሬ በየቢሮው የሚገኙት የኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች ለረጅም ጊዜ ይህን በሚገባ አያሟሉም ነበር፤ አንዳንዶቹ ትእዛዞቻቸው ተቆጣጣሪው ሳያውቅ ያልፉ ነበርና። ኢንቴል በ2005፥ ኤኤምዲ በ2006 ለዚሁ ሥራ የሚረዳ ክፍል በፕሮሰሰሮቻቸው ላይ ጨመሩ። በ2007 «ኬቪኤም» የሚባለው ሃይፐርቫይዘር የሊኑክስ አካል ሆነ። በ2008 ደግሞ በቪየና የሚገኝ አንድ ድርጅት ኬቪኤምን ከድረ ገጽ መቆጣጠሪያ ጋር አጣምሮ «ፕሮክስሞክስ» የተባለውን ሥርዓት አወጣ። ይህ ሥርዓት ያለ ክፍያ ሊተከል ስለሚችልና የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት ስለ ሆነ፥ ከዚህ በታች ለምሳሌ የምንወስደው እርሱን ነው።

2. አቋቋም

ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮሰሰሩ የተባለው እርዳታ ያለው መሆኑን፥ በባዮስ ውስጥም መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በብዙ ኮምፒዩተሮች ተዘግቶ ይገኛል፤ ሳይከፈትም ኬቪኤም እንግዳውን አያስነሣም።

ቀጥሎ የሜሞሪ ክፍፍል ይመጣል። የፕሮሰሰር ጊዜ በተራ ሊዳረስ ይችላል፤ ለእንግዶቹ የተሰጠው የፕሮሰሰር ቁጥር ከእውነተኛው ቢበልጥ ሥራው ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። ሜሞሪ ግን እንዲህ አይደለም። 64 ጊጋባይት ሜሞሪ ያለው ሰርቨር ቢኖረን፥ 8 ለአስተናጋጁ፥ 8 ለመጠባበቂያ ትተን፥ የቀረውን 48 ለቤተ መጻሕፍቱ 8፥ ለማኅደሩ 16፥ ለላቦራቶሪው 24 አድርገን ብናካፍል ደኅና ክፍፍል ይሆናል።

ዲስክን በሚመለከት፥ ሁለት እኩል ዲስኮችን አንዱ የሌላው ግልባጭ አድርጎ ማሠራት ይገባል። ለዚህ «ዜድኤፍኤስ» የሚባለው የፋይል ሥርዓት ይመቻል። ነገር ግን ይህ ሥርዓት ዲስኮቹን በቀጥታ ማየት ስለሚፈልግ፥ በሬይድ ካርድ ላይ ደርቦ መትከል አይገባም። ሜሞሪም ይወዳል፤ ከፕሮክስሞክስ 8.1 በፊት በነበሩት ተከላዎች ከጠቅላላው ሜሞሪ እስከ ግማሽ ሊወስድ ይችል ነበር። ከ8.1 ወዲህ በአዲስ ተከላ ላይ ድርሻው አንድ ዐሥረኛ፥ ቢበዛም 16 ጊጋባይት እንዲሆን ተወስኗል።

ለሰርቨሩ የማይለወጥ የኔትወርክ አድራሻ ይሰጠዋል። ተከላው ካለቀ በኋላ ሥራው ሁሉ ከሌላ ኮምፒዩተር በድረ ገጽ፥ በ8006 ቁጥር በር በኩል ይካሄዳል። እንግዶቹ ወደ ውጭ የሚገናኙት «ድልድይ» በሚባል በፕሮግራም በተሠራ ስዊች ነው፤ ሁሉም ገመዳቸውን እዚያ ላይ እንደ ሰኩ መቁጠር ይቻላል።

ሁለት ነገሮች ጀማሪን ያሰናክላሉ። የመጀመሪያው፥ ዊንዶውስ በእንግዳነት ሲተከል «ዲስክ የለም» ማለቱ ነው። ይህ ብልሽት አይደለም፤ «ቪርትአይኦ» የተባለው ሾፌር ስላልቀረበለት ነው። ሊኑክስ ግን ሾፌሩን በራሱ ይዟል። ሁለተኛው፥ የማሻሻያው ምንጭ ለከፋዮች ተብሎ የተዘጋጀው ሆኖ መገኘቱ ነው። ያልከፈለ ሰው ያለ ክፍያ ወደሚሰጠው ምንጭ ካላዞረው ሰርቨሩ የደኅንነት ጥገና ሳያገኝ ይቀራል።

3. አያያዝ

በአያያዝ ረገድ ትልቁ ስሕተት «ስናፕሾት»ን ከመጠባበቂያ ቅጂ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ነው። ስናፕሾት የእንግዳውን የአንድ ጊዜ መልክ በዚያው ዲስክ ላይ ይይዛል፤ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። የዲስክ ግልባጭም ቢሆን መጠባበቂያ አይደለም፤ በአንዱ ላይ በስሕተት የተደመሰሰ ጽሑፍ በዚያው ቅጽበት በሌላውም ላይ ይደመሰሳልና። እውነተኛ መጠባበቂያ በሌላ ማሽን፥ ቢቻል በሌላ ሕንጻ የተቀመጠ ነው። ያውም ተመልሶ መነሣቱ ያልተፈተነ ቅጂ ገና ተስፋ ነው። ፈተናው የሚደረገው ቅጂውን በአዲስ ቁጥር መልሶ በመትከልና የኔትወርክ ካርዱን ነቅሎ በማስነሣት ነው፤ ካልተነቀለ ከሕያው እንግዳ ጋር በአድራሻ ይጋጫል።

ቅጂው የሚወሰድበትን ሰዓት ስንወስን በአገራችን ሰዎች ላይ የሚደርስ ልዩ ስሕተት አለ። ሰርቨሩ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብለን አስበን 8 ብለን የጻፍን እንደ ሆነ፥ ቅጂው የሚጀምረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፥ ተማሪው ሁሉ ወደ ሥራ በሚገባበት ጊዜ ይሆናል። ሊጻፍ የሚገባው 2 ነው።

ለእንግዶች ዲስክ ሲመደብ ከእውነተኛው በላይ ቃል መግባት ይቻላል። 1,000 ጊጋባይት ይዘን ለሦስት እንግዶች ለእያንዳንዳቸው 500 ብንመድብ፥ በእርግጥ የተጻፈው 1,000 እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ደኅና ይመስላል። የሞላ ዕለት ግን ሦስቱም መጻፍ ስለማይችሉ አብረው ይቆማሉ። እንግዳው ፋይል ቢደመስስም፥ «ዲስካርድ» የሚባለው ምርጫ ካልተከፈተና እንግዳው ራሱ ባዶውን ቦታ ካላሳወቀ ቦታው ለአስተናጋጁ አይመለስም። ስለዚህ መጠኑ 80 በመቶ ሲደርስ ማስጠንቀቂያ እንዲመጣ ማድረግ ያሻል።

መብራት በሚቆራረጥበት ስፍራ ዩፒኤስ መግዛቱ ብቻ አይበቃም። ባትሪው እየደከመ መሆኑን ለሰርቨሩ የሚነግር ፕሮግራም፥ በእንግዶቹም ውስጥ የመዝጋት ትእዛዝ የሚቀበል ረዳት ፕሮግራም መኖር አለበት። አለዚያ ባትሪው ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ ያንኑ ድንገተኛ መውደቅ ያመጣል። መብራት ሲመለስም የመነሣት ተራ ሊወሰን ይገባል፤ መረጃውን የያዘው እንግዳ አስቀድሞ፥ ከመረጃው የሚያነበው ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዲነሣ።

በመጨረሻም የ8006 በር ለውጭው ኢንተርኔት ፈጽሞ ክፍት መሆን የለበትም። በዚያ የገባ ሰው የአንዱን እንግዳ ብቻ ሳይሆን የግቢውን ሁሉ ቁልፍ ይይዛል።

4. ብልሽት ሲመጣ

«ነገር ከሥሩ፥ ውሃ ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ምርመራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል። መጀመሪያ መብራት፥ ሙቀትና ዲስክ፤ ቀጥሎ የአስተናጋጁ ሜሞሪና የቀረው ቦታ፤ ከዚያ ድልድዩ፤ ከዚያ የእንግዳው አመዳደብ፤ በመጨረሻ በእንግዳው ውስጥ ያለው ፕሮግራም ይታያል። አንድም ነገር ከመንካት በፊት የሥርዓቱን መዝገብ ማንበብ፥ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ይገባል። አዘውትረው የሚገኙት ብልሽቶች እነዚህ ናቸው።

(ሀ) አዲስ ካርድ ከተጨመረ በኋላ ሰርቨሩ ከኔትወርክ ጠፋ። ካርዱ በመግባቱ የኔትወርኩ ካርድ ስም ተለውጦ፥ ድልድዩ የሌለ ስም ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። በሰርቨሩ ላይ ስክሪንና ኪቦርድ ሰክቶ ስሙን ማስተካከል ነው መድኃኒቱ።

(ለ) የሰርቨሩ አድራሻ ከተለወጠ በኋላ እንግዶቹ አልነሣ አሉ። አድራሻው በኔትወርኩ መዝገብ ብቻ ተለውጦ «ሆስትስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ አሮጌው ቀርቷል። ሁለቱ መስማማት አለባቸው።

(ሐ) አንድ እንግዳ በድንገት ጠፋ፥ ሌሎቹ ግን ይሠራሉ። የአስተናጋጁ ሜሞሪ ሲያልቅ ሊኑክስ አንዱን ፕሮግራም ገድሎ ሌላውን ያድናል፤ የሚመረጠውም አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የያዘው ነው። እንግዳውን መልሶ ማስነሣት ብቻ መፍትሔ አይደለም፤ ክፍፍሉ ይታረም።

(መ) ሁሉም እንግዶች ባንድነት ዘገዩ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስክ የሚጠብቅ ከሆነ፥ ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ መታመሙን መጠርጠር ነው። ግልባጩ ስላለ ሥራው አይቆምም፤ ግን ሁለተኛው ሳይከተል ይለወጥ።

(ሠ) እንግዳው «ተቆልፏል» ተባለ። መብራት ሲጠፋ የተቋረጠ ቅጂ የተወው ቁልፍ ነው። በእርግጥ የሚካሄድ ቅጂ አለመኖሩን አረጋግጦ መክፈት ይቻላል።

(ረ) የአስተናጋጁ ዲስክ ሞልቶ ድረ ገጹ አላስገባ አለ። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ፥ የሩቁ ማስቀመጫ ሳይገናኝ ቀርቶ ቅጂው በአስተናጋጁ በራሱ ዲስክ ላይ መጻፉ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘሩት ብልሽቶች አብዛኞቹ ድንገተኛ አይደሉም፤ የዲስኩ መሙላት፥ የሜሞሪው ማነስ፥ የቅጂው አለመፈተን ሁሉ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣሉና «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ያዡ አድራሻዎቹን፥ ክፍፍሉን፥ የመነሣቱን ተራና የቅጂውን ቦታ በመዝገብ ይጻፍ። መዝገቡም በወረቀት ይሁን፤ በዚያው ሰርቨር ውስጥ የተቀመጠ እንደ ሆነ በሚፈለግበት ቀን አይነበብም። መዝገቡና ቅጂው ብቻ ተሰጥቶት፥ ሌላ ተማሪ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሥራውን በአንድ ቀን ሊያስነሣው ቢችል፥ ያ ብቸኛ ሰርቨር ተተኪ አገኘ ማለት ነው። ባይችል ግን የጓደኞቻችን የዓመታት የምርምር ሥራ በአንድ ዲስክ ዕድሜ ላይ ተንጠልጥሏል።