ሚሽታራን የሚያዘው ማነው? የሚቆጣጠረውስ?



በቅርቡ የ17 ዓመት ልጄ ሌላ ከተማ ዘመድ ጠይቆ ሲመለስ አንድ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆመው። ተኡዳት ዜሁት አምጣ አለው፣ ቦርሳውን በረበረውና ሂድ አለው። ልጄ ቤት ገብቶ እራት አልበላም። «አባዬ፣ ምን አደረግሁ? ለማንስ ነው የሚነገረው?» አለኝ። እኔም «ተው ልጄ፣ ዝም በል» አልኩት። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል እየሰማን አይደል ያደግነው? ደግሞስ ለማን ይነገራል? እዚህ ቀበሌ የለ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበር የለ።

ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ኡልፓን ውስጥ ጠየቅሁ። ሞራችንና አስተርጓሚያችን ያስረዱኝን፣ ኋላም ጠያይቄ ያገኘሁትን እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፣ ይህ አገር ትንሽ ነው። የአማራ ክልል ብቻውን እስራኤልን ሰባት እጥፍ ያህል ይሆናል። ኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ አላት፣ ክልሎችም የየራሳቸው ፖሊስ አላቸው። እዚህ ግን ከሰሜን እስከ ኤላት ሚሽታራ አንድ ነው። የቂርያት ጋት ፖሊስ ጣቢያ በላኪሽ ሥር ነው፤ ላኪሽ በደቡቡ አውራጃ ሥር ነው፤ ከሁሉም በላይ ማፍካል የሚባለው የፖሊስ ዋና አዛዥ አለ። የከተማችን ከንቲባ ፖሊስ አያዝም። ስለዚህ የመንገድ መብራት ቢጠፋ ወይ ቆሻሻ ባይነሳ ለማዘጋጃ ቤቱ 106 ነው የሚደወለው፤ ሌባ ቢገባ ለፖሊስ 100 ነው።

ሁለተኛ፣ የአገር ውስጥ ጸጥታ በአንድ ሰው እጅ አልተቀመጠም። ሚሽታራ፣ ወህኒ ቤትና እሳት አጥፊ በአንድ ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ይህ ሚኒስቴር ድሮ የፖሊስ ሚኒስቴር ይባል ነበር፤ በ1995 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስቴር ተባለ፤ ከ2022 መጨረሻ ወዲህ የብሔራዊ ደኅንነት ሚኒስቴር ነው። ሽብርና ስለላን የሚከታተለው ሻባክ ግን በዚያ ሚኒስትር ሥር አይደለም፤ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ ሥራውም በ2002 በወጣ ሕግ ተወስኗል። ሲረን ሲጮህ መጠለያ ግቡ የሚለን ፒኩድ ሀኦሬፍ ደግሞ የሠራዊቱ ነው፤ የተቋቋመው ከገልፍ ጦርነት በኋላ በ1992 ነው፤ ስልኩ 104 ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር፣ ጠባቂውን የሚጠብቅ አለ። ፖሊስ ያሰረውን ሰው እንደ ደንቡ በ24 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ማቅረብ አለበት። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ተይዞ ሲጠየቅ ለወላጁ ይነገራል። ሚኒስትሩም ቢሆን ፖሊስን እንዳሻው አያደርግም። በምርመራ ሥራ ላይ መመሪያ እንዲያወጣ የሚፈቅድ የሕግ ክፍል ወጥቶ ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ባጋጽ በ2025 መጀመሪያ ሰረዘው።

ፖሊስ ራሱ ወንጀል ቢሠራስ? በፊት ፖሊስን የሚመረምረው ፖሊስ ነበር። ከ1992 ወዲህ ግን ማሃሽ የሚባል ክፍል አለ፤ እሱም በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። ስድብና ንቀት ከሆነ ደግሞ ሚሽታራው ውስጥ የሕዝብ አቤቱታ የሚቀበል ክፍል አለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚቆጣጠረው ሜቫኬር ሀመዲናም የሕዝብ አቤቱታ ይቀበላል።

እውነት ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። የጎረቤታችን የቂርያት ማልአኪ ከንቲባ የነበሩት ሞሼ ካጻቭ ኋላ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በአስገድዶ መድፈርና በሌሎች የወሲብ ወንጀሎች ፖሊስ መረመራቸው፣ ፍርድ ቤት 7 ዓመት ፈረደባቸው፤ በ2011 ወህኒ ወረዱ። እዚህ ንጉሥም ይከሰሳል ማለት ነው።

ሆኖም ሕጉ ስላለ ብቻ ሁሉ ተስተካክሏል ማለት አይደለም። በ2015 ሆሎን ውስጥ ፖሊሶች አንድ የኛን ወታደር ሲደበድቡ በካሜራ ታየ፤ ልጆቻችን አደባባይ ወጡ። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራ ኮሚቴ በቤተ እስራኤል ላይ ዘረኝነት መኖሩን ጽፎ አወጣ። ከዚያም በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከላከል ክፍል ተቋቋመ። ጠበቃ የሚያቆምልን ተበቃ የተባለው ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ ባጋጽ ድረስ ሄደ፤ በ2021 ፍርድ ቤቱ ፖሊስ ያለ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ሰውን አቁሞ መታወቂያ መጠየቅ አይችልም ብሎ ወሰነ። ይህ ሁሉ የመጣው ዝም ባላሉ ሰዎች ነው። ተቆጣጣሪው ቢሮ ተቀምጦ የኛን መንገድ አያይም፤ የሚያየው አቤት ያልነውን ነው።

እንግዲህ ወላጆች፣ ልጆቻችንን እንዲህ እንምከር። ከ16 ዓመት ጀምሮ ተኡዳት ዜሁት ከኪስ አይለይ። ፖሊስ ሲያስቆም መሮጥና መጋፋት አይገባም። «ለምን ነው ያስቆምከኝ?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። የፖሊሱን ስም፣ ቦታውንና ሰዓቱን ቤት እንደገቡ መጻፍ ነው።

እኔም ልጄን ቁጭ አድርጌ «ያን ዕለት ዝም በል ያልኩህ ተሳስቼ ነው» አልኩት። እሱ በዕብራይስጥ ጻፈ፣ እኔ ፈረምኩ፤ አቤቱታውን ላክን። መልሱን እየጠበቅን ነው። ልጄ ግን ያን ዕለት ማታ እራቱን በላ።

ቸር ያሰንብተን።