ሶዲየምን የሚያሳድር ቤት

ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አሳል ሐይቅ ይገኛል። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የወረደ፣ የአፍሪካ እጅግ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ውኃው ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ በመሆኑ ዳርቻው በነጭ የጨው ንጣፍ ተሸፍኗል። አፋሮች ከዚያ ጨው እየጫኑ በግመል ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ሲያወጡ ለዘመናት ኖረዋል። የንጹሕ ጨው ክብደት 39 በመቶው ሶዲየም ነው። ይህ ሶዲየም ነው ዛሬ በሊቲየም ባትሪ ጎን ሌላ ዓይነት ዳግም የሚሞላ ባትሪ እያስገኘ ያለው።

ለጅቡቲ ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በተዘረጋ መስመር ኤሌክትሪክ ታገኛለች። በ2023 ደግሞ ከአሳል ብዙም በማይርቀው ጉቤት በጠቅላላው 60 ሜጋዋት የሚያመነጩ 17 የነፋስ ተርባይኖች ተመርቀዋል። ነፋስ ግን ሰው በፈለገው ሰዓት አይነፍስም። የሚያመነጨውን ኃይል አጠራቅሞ፣ ሙቀቱ በርትቶ ማቀዝቀዣው ሁሉ በሚከፈትበት ሰዓት ለመልቀቅ ርካሽ ባትሪ ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ ሶዲየሙ ሞልቷል፤ የሚቸግረው ማደሪያው ነው።

ባትሪው ሲሞላ የሶዲየም አዮኖች ከአንዱ ኤሌክትሮድ ወጥተው፣ ኤሌክትሮላይት የሚባለውን ፈሳሽ አቋርጠው ወደ ሌላው ይገባሉ። ኤሌክትሮኖቹ በውጭው ሽቦ ዞረው እዚያው ይደርሳሉ። ባትሪውን ስንጠቀምበት ሁሉም በመጣበት ይመለሳል። እንግዲህ ኤሌክትሮድ ማለት አዮኑን ተቀብሎ የሚያሳድር፣ ሲነጋም ሳይፈርስ የሚሸኝ ቤት ነው። በሊቲየም ባትሪ በአሉታዊው ጎን ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ግራፋይት ነው። የሶዲየም አዮን ግን ከሊቲየም ይተልቃል፤ የአንዱ ራዲየስ 1.02 አንግስትሮም ሲሆን የሌላው 0.76 ነው። ችግሩ የመጠን ብቻም አይደለም። ሶዲየምና ግራፋይት አብረው የሚረጋ ውህድ ስለማይፈጥሩ ግራፋይቱ የሚይዘው ሶዲየም እጅግ ጥቂት ነው።

የሜታል ሰልፋይዶች የሚፈለጉት እዚህ ላይ ነው። ሰልፋይድ ድኝ ከብረት ወይም ከሌላ ሜታል ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነገር ነው። አንዳንዶቹ በንብርብር የተሠሩ ናቸው። በሞሊብዲነም ሰልፋይድ ንብርብሮች መካከል ያለው ርቀት 0.62 ናኖሜትር ሲሆን የግራፋይቱ 0.335 ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሶዲየም በሰፊው ይገባል። ሌሎቹ ደግሞ ከሶዲየም ጋር ተዋሕደው ሙሉ በሙሉ ይለወጣሉ። ሰዎች የሞኝ ወርቅ የሚሉት ፓይራይት፣ ማለትም የብረት ሰልፋይድ፣ አንዱ ሞለኪውል አራት ሶዲየም ተቀብሎ ብረትና የሶዲየም ሰልፋይድ ይሆናል። በስሌት በግራም 894 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ግራፋይት ከሊቲየም ጋር የሚይዘው 372 ነው። ብረትም ድኝም ርካሽና በየቦታው የሚገኙ ናቸው።

ይህ ሁሉ ሶዲየም ሲገባ ግን ቅንጣቱ ከእጥፍ በላይ ያብጣል፤ ሲወጣም ይሸበሸባል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር ይሰነጠቃል፤ የተፈረፈረውም ከኤሌክትሪኩ መስመር ይለያል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ሰልፋይዶች ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፉም፤ በመካከል የሚፈጠሩ የድኝ ውህዶችም በፈሳሹ ውስጥ ሟሙተው ይጠፋሉ። ባትሪው የመጀመሪያ ቀን ያሳየውን አቅም በጥቂት ዙር የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው የሚሠራው በላብራቶሪ ጠረጴዛ ላይ ነው። ተመራማሪዎች ሰልፋይዱን በናኖሜትር የሚለካ ቅንጣት አድርገው ያዘጋጁትና በካርቦን ይለብጡታል። ዱቄቱን ከጥቁር ካርቦንና ከማጣበቂያ ጋር በፈሳሽ ለውሰው፣ በስስ የሜታል ቅጠል ላይ በምላጭ ያሰፉታል፤ ያደርቁትና በትንሽ ሳንቲም ልክ ይቆርጡታል። ሶዲየም አየርና እርጥበት ስለማይችል ባትሪው የሚገጣጠመው አርጎን ጋዝ በተሞላ ዝግ ሣጥን ውስጥ በጓንት እጅ ነው። የኤሌክትሮላይቱ ዓይነትም ውጤቱን ይለውጣል። በ2015 የቻይና ናንካይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓይራይትን ከኤተር ኤሌክትሮላይት ጋር አዋሕደው፣ ቮልቴጁንም ከ0.8 ቮልት በታች እንዳይወርድ ገድበው 20,000 ዙር ያህል አሠርተውታል። የያዘው ኃይል ከሙሉ አቅሙ ቢያንስም ቤቱ አልፈረሰም። እዚህ ሥራ ውስጥ ከአቅም ብዛት ይልቅ ጽናት ሊበልጥ እንደሚችል ያሳየ ውጤት ነው።

ሐሳቡ ራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ስታንሊ ዊቲንግሃም በ1970ዎቹ በኤክሰን ኩባንያ ሲሠራ ቲታኒየም ሰልፋይድ ሊቲየምን በንብርብሩ ውስጥ ተቀብሎ እንደሚመልስ አሳየ፤ ለዚህም ሥራ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርቷል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት የሶዲየም አዮን ባትሪዎች በአሉታዊው ጎን በአብዛኛው ጠጣር ካርቦን ይጠቀማሉ። ሰልፋይዶቹ ገና ከላብራቶሪ አልወጡም። የሶዲየም ባትሪ አንድ ተጨማሪ ጥቅም ግን አሁኑኑ ይታያል፦ ሶዲየም ከአልሙኒየም ጋር ስለማይዋሐድ በአሉታዊውም ጎን ውድ በሆነው መዳብ ፋንታ የአልሙኒየም ቅጠል መጠቀም ይቻላል።

ታዲያ ጨው ብቻውን ባትሪ አይሆንም። የባትሪ ፋብሪካ የሚገዛው የአሳልን ጨው እንዳለ ሳይሆን በአብዛኛው ከእሱ የሚሠራውን የሶዲየም ካርቦኔት ዓይነት የነጠረ ጥሬ ዕቃ ነው፤ ዋጋውም የሚያድገው በማጣራቱ፣ በኤሌክትሮዱና በፈተናው ላይ ነው። ለጅቡቲም ለኢትዮጵያም የሚበጀው፣ ጨው የሚያጣራና ኤሌክትሮድ የሚሠራ ኬሚስት ከወዲሁ በየዩኒቨርሲቲው ማሠልጠን ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚደርስ የክረምት ሙቀት የትኛው ባትሪ እንደሚጸና ለማወቅ ከጅቡቲ ከተማ የተሻለ መፈተኛ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል፤ ያን ፈተና ራሷ ብታካሂደው የጨው ላኪ ብቻ ሆና አትቀርም።