የጋራ ጋሻ ዋጋ

አገሮች የጦር ቃል ኪዳን ሲገቡ፣ አንዱ ቢጠቃ ሌሎቹ ሊደርሱለት ይማማላሉ። የጋሻውን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ግን ከመሐላው ጋር አብሮ ይወለዳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 የተመሠረተውን የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት፣ ማለትም ኔቶን፣ ተመልከቱ። ከሁሉ የሚበልጠውን የምታወጣው አሜሪካ ሸክሙ በዝቶብኛል ስትል ኖራለች። አባል አገሮቹ በ2014 ዌልስ ላይ ተሰብስበው፣ እያንዳንዱ በአሥር ዓመት ውስጥ ከጠቅላላ ምርቱ ከመቶ 2 እጅ ለመከላከያ ወደ ማዋል እንዲቃረብ ተስማሙ። በ2025 ሄግ ላይ ደግሞ ግቡን እስከ 2035 ወደ 5 እጅ ከፍ አደረጉት።

ይህ ገንዘብ እንደ ዕድር መዋጮ ወደ አንድ ሣጥን የሚገባ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ አገር በአብዛኛው ለራሱ ወታደርና ለራሱ መሣሪያ የሚያወጣው ነው፤ የጋራው በጀት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ስለዚህ እገሌ ለድርጅቱ ዕዳ አለበት የሚለው አነጋገር፣ ከመሪዎች አፍ እንኳ ቢሰማ፣ ያሳስታል።

ክርክሩ የሚከረው ድርሻ በገንዘብ ብቻ ይለካልን በሚለው ላይ ነው። ግሪክ የ2 እጁን ግብ ከብዙዎቹ ቀድማ አሟልታለች፤ ዋነኛ ምክንያቷ ግን የቃል ኪዳኑ አባል ከሆነችው ከጎረቤቷ ከቱርክ የሚመጣ ሥጋት ነው። ዴንማርክን ደግሞ አስተውሉ። በ2001 አሜሪካ ስትጠቃ፣ እስካሁን አንድ ጊዜ ብቻ በሥራ ላይ የዋለው የቃል ኪዳኑ 5ኛ አንቀጽ ተጠቀሰ። ያን ጊዜ ሕዝቧ 6 ሚሊዮን ያልሞላው ዴንማርክ ወታደሮቿን ወደ አፍጋኒስታን ልካ 43ቱን አጣች። በዚያ ዘመን የመከላከያ ወጪዋ ከ2 እጅ በታች ነበር። በወጪው ሠንጠረዥ ላይ እነዚህ ሰዎች የሚመዘገቡበት ዓምድ የለም።