ጥበብን መውደድ፦ ፍልስፍና ምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆች! ባለፈው እሑድ ከእናንተ አንዱ እጁን አውጥቶ «እግዚአብሔር ሁሉን ከፈጠረ፣ እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?» ብሎ ጠየቀ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ፤ አንዲት እኅትም «እንዲህ ብሎ መጠየቅ ኃጢአት ነው» ስትል ሰማኋት። ልጁ አፍሮ ተቀመጠ። ሰዓቱም አልቆ ስለ ነበር መልሱን ሳልጨርስ ተለያየን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ስለዚያ ጥያቄ ነው።

መጠየቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታችን በ12 ዓመቱ በቤተ መቅደስ ከመምህራን መካከል ተገኝቶ ያዳምጥ፣ ይጠይቅም እንደ ነበር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ተጽፏል። ለማፌዝ ወይም ሰውን ለማሳፈር የሚጠየቅ ጥያቄ አለ፤ እርሱ ሌላ ነው። ለማወቅ የሚጠየቀውን ጥያቄ ግን ቤተ ክርስቲያን አትከለክልም። በሥርዓት እየጠየቁ፣ ለእያንዳንዱ መልስ ምክንያት እየፈለጉ የሚሄዱበት ትምህርት ፍልስፍና ይባላል።

ቃሉ የመጣው ከግሪክ ነው። «ፊሎ» መውደድ፣ «ሶፊያ» ጥበብ ማለት ስለሆነ፣ ፍልስፍና ማለት ጥበብን መውደድ ነው። ፈላስፋ የሚባለውም ጥበብን ጨርሶ የያዘ ሳይሆን የሚወዳትና የሚፈልጋት ሰው ነው። ትምህርቱ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። «መጽሐፈ ፈላስፋ» የተባለው መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተተርጉሟል። የሶቅራጥስ፣ የአፍላጦንና የአርስጣጣሊስ ስም በውስጡ ይገኛል። ቅዱስ ጳውሎስ ቆላስይስ ምዕራፍ 2 ላይ ከከንቱ ፍልስፍና እንድንጠነቀቅ መክሮናል፤ ያም ሆኖ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 እርሱ ራሱ በአቴና ከፈላስፎች ጋር ሲነጋገር እናየዋለን። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም በአቴና አብረው ተምረዋል። ስለዚህ ምክሩ «መርምራችሁ ያዙ» ማለት እንጂ «አትማሩ» ማለት አይመስለኝም።

ፍልስፍና ብዙ ቅርንጫፎች አሉት። የልጁ ጥያቄ «ያለ ነገር ሁሉ ከየት መጣ? መኖርስ ምንድን ነው?» ከሚለው ክፍል ይመደባል፤ ይህም ዲበ አካል ይባላል። በምሳሌ እንየው። ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ዳገቱን የሚወጣ ተሳቢ አይታችኋል። ተሳቢውን ማን ይጎትተዋል? ከፊት ያለው መኪና። መኪናውንስ ማን ይጎትተዋል? ማንም፤ እርሱ የራሱ ሞተር አለው። በመንገዱ ላይ ያለው ሁሉ ተሳቢ ቢሆን ኖሮ፣ ሺህ ቢቀጣጠልም አንድ ስንዝር የሚሄድ አይገኝም ነበር። እንዲሁም ጅማሬ ያለው ነገር ሁሉ አስጀማሪ ያስፈልገዋል፤ እግዚአብሔር ግን ጅማሬ ስለሌለው «ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ እርሱን አይመለከትም። ምሳሌው ጉድለት እንዳለው አውቃለሁ፤ መኪናውም ነዳጅ ይፈልጋልና። ይህን ማስረጃ የማይቀበሉ ፈላስፎችም አሉ። ስታድጉ የእነርሱንም ታነባላችሁ።

ሁለተኛው ክፍል ሥነ ዕውቀት ነው። «የምናውቀውን ነገር እንዴት አወቅነው?» ብሎ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ቆም ብለን የራሳችንን አገር ነገር እንመልከት።

ከደብረ ታቦር በወረታና በአዲስ ዘመን አልፎ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው እንፍራዝን ያገኛል። «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለ የግእዝ መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ በአክሱም አጠገብ የተወለደ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል የቅኔና የመጻሕፍት ሊቅ ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብሎ ሕዝቡ በተጨነቀ ጊዜ፣ ሸሽቶ በተከዜ አቅራቢያ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ፈረንጁ «የእኔ ሃይማኖት ትክክል ነው» ይላል፤ የአገሩ ሰው ደግሞ «የእኔ ነው» ይላል፤ ታዲያ ዳኛው ማን ነው? እያለ በዋሻው ውስጥ አሰበ፤ ጸለየም። እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ የሰጠው የልቡና ብርሃን እንዲመረምር ነው አለ። ኋላ እንፍራዝ ገብቶ መጽሐፍ እየጻፈ፣ የባለጸጋው የሀብቱን ልጆች እያስተማረ ኖረ። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ስለ ለመነውም እ.ኤ.አ. በ1667 ሐተታውን ጻፈለት። በመጽሐፉ ስለ ጾምና ስለ ምንኩስና ቤተ ክርስቲያናችን የማትቀበላቸው አሳቦች አሉ፤ ይህን አልደብቃችሁም።

ይህ ሁሉ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ለዓለም የታወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ኢጣሊያዊ የካቶሊክ ካህን በኩል ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ የድጓ ምስክር በሆነችው በጋይንት ቤተ ልሔም ተቀምጦ ግእዝ ያጠና ነበር። ያገኘውን ቅጂ ፓሪስ ለነበረው ለአንትዋን ዳባዲ ላከለት፤ ዛሬም በዚያው ከተማ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1920 ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ «ይህን መጽሐፍ የጻፈው ጁስቶ ራሱ ነው» አለ። ምክንያቱም ከጁስቶ በፊት መጽሐፉን ያየ አልተገኘም፤ የጁስቶም የልደት ስሙ ያኮፖ፣ ማለትም ያዕቆብ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን ያስተማሩት ፕሮፌሰር ክሎድ ሰምነር ግን በዝርዝር መርምረው የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተከራከሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር፤ ኋላ አሳባቸውን ለውጠው ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ አናይስ ቪዮን የኮንቲ ሮሲኒን ክርክር እንደገና አነሣች። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም።

እናንተ በዳኝነት ብትቀመጡ ምን ትፈርዳላችሁ? «ኢትዮጵያዊ ቢሆን ደስ ይለኛል» ማለት ማስረጃ አይሆንም። «ፈረንጅ ካልጻፈው እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም» ማለትም ማስረጃ አይደለም፤ ይልቁን ንቀት ነው። እኔ የቅኔ ቤት ሰው ስለሆንሁ ይሆናል ወደ ፕሮፌሰር ጌታቸው አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን አልምልም። ከጁስቶ ዘመን የሚቀድም አንድ የብራና ቅጂ ቢገኝ ብዙ ነገር ይፈታ ነበር። ስለዚህ በየአጥቢያው ዕቃ ቤት ያለውን ብራና አይጥና ዝናብ እንዳያገኘው፣ ሌባም እንዳይሸጠው መጠበቅ የማኅሌትና የቅዳሴ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው ሥነ አመክንዮ ነው፤ አስተካክሎ የማሰብ ትምህርት ነው። «ካህን ይጠመጥማል፤ አጎቴ ይጠመጥማል፤ ስለዚህ አጎቴ ካህን ነው» ቢላችሁ ትቀበላላችሁ? ነጋዴም ሊጠመጥም ይችላል! ሁለቱ ቃላት እውነት ሆነው መደምደሚያው ግን አልተከተለም። በቅኔ ቤት መምህሩ «ምሥጢሩ አልገጠመም» ብለው ቅኔውን ሲመልሱበት ተማሪው የሚያዝነው እንዲህ ያለ ስሕተት ሲገኝበት ነው።

አራተኛው ሥነ ምግባር ነው። ከጉና ግርጌ ድንች ተሸክመው የመጡ አንዲት እናት ገበያ ላይ 50 ብር ጣሉ እንበል፤ ያየ የለም፤ አንተ አገኘኸው። ትመልሳለህ? «አዎን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ከባዱ «ለምን?» የሚለው ነው። ቅጣት ፈርተህ ነው? እናቲቱ ልጆቻቸውን የሚያበሉት ስለሚያጡ ነው? ወይስ ማንም ባይጎዳ እንኳ የሰው ገንዘብ የሰው ስለሆነ ነው? ሦስቱ መልሶች አንድ አይደሉም። ገንዘቡ የጠፋው ከአንድ ባለጸጋ ኪስ ቢሆን፣ የትኛው መልስ ጸንቶ እንደሚቆም አስቡ።

ሥነ ውበትም አለ፤ «ነገር የሚያምረው ለምንድን ነው?» ይላል። ፎገራ የተወለዱት አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበልና የሸንበቆውን መወዛወዝ አይተው የማኅሌቱን ዝማሜ እንደ ቀመሩ ይነገራል፤ ልጃቸው ስላስፋፋውም «የተክሌ አቋቋም» ተባለ። በእኛ ከተማ ማኅሌት ቆማችሁ ስታዩ ያንን ሸንበቆ ፈልጉት።

በሚቀጥለው እሑድ ስለ ድንቹ ጥያቄ መልሳችሁን ከነምክንያቱ በደብተራችሁ ጽፋችሁ ኑ። አንተም ባለፈው የጠየቅኸው ልጅ፣ ከፊት ተቀመጥ፤ በተሳቢው ምሳሌ ላይ የምትለው ካለህ መጀመሪያ የምሰማው አንተን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።