ባሌስትራው ቢላ እስኪሆን

ወላይታ ሶዶ ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ግፊት ሲያንስ ደግሞ ውሃ ቶሎ ይፈላል። ሻይ ለሚያፈላ ሰው ይህ ቁም ነገር አይደለም። እንጀራው ሌላ ሆኖ ቅዳሜና እሑዱን ለአሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ለሰጠ ሰው ግን የብዙ ጣጣው መነሻ እዚህ ላይ ነው።

እነዚህ መኪኖች ወደ አገራችን የገቡት በየዘመናቸው ነው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ሲሆን፣ በንጉሡ ዘመን የገጠር ሥራ ያለበት መሥሪያ ቤትና ሚሲዮን ሁሉ የሚያውቀው መኪና ሆነ። ዋዱ እየተባለ የሚጠራው የወላይታ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር፣ አቤላንና በሌን የመሳሰሉ ቆላማ የሠፈራ ቦታዎች ደርሶ መመለስ በክረምት የፎር ዊል ሥራ ነበር። ደርግ ሲመጣ የሶቪየቱ ዋዝ ተከተለ፤ ከ1977ቱ ድርቅ ወዲህ ደግሞ የዕርዳታ ድርጅቶች ነጭ ላንድክሩዘር መንገዱን ያዘ።

ሌላው ዓለም እንዲህ ያሉትን መኪኖች ሙዚየም ሲያስገባ እኛ ዘንድ ዛሬም ዋጋ ያወጣሉ። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው፦ የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባትን ከለከለ። አገር ውስጥ ያለው መኪና በእጅ እንዳለ ወርቅ ተያዘ። ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት አሠራሩ ነው። አሮጌ ጂፕ ይሰበራል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፣ ጠዋት አልነሳም ይላል፤ ነገር ግን የተበላሸው ነገር በዓይን ይታያል፣ በቁልፍና በካቻቢቴ ይፈታል፣ የሚተካው ዕቃም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ በማግስቱ በአውቶቡስ ይደርሳል። ዕድሜ የሰጠው ይህ ነው።

ወደ ውሃው እንመለስ። የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ በሥራ ላይ ከ85 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው አርጅቶ ግፊት መያዝ ካቃተው፣ ሶዶ ላይ ለመፍላት የቀረው አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ደህና ክዳን ግን ከውጩ አየር በላይ 0.9 ባር ያህል ግፊት ይይዛል፤ ያን ጊዜ መፍያው ወደ 115 ዲግሪ ይወጣል። ከሃያ ዲግሪ የሚበልጥ ልዩነት የሚመጣው ከመኪናው ርካሽ ዕቃዎች ከአንዷ ነው ማለት ነው። ሰው ግን ክዳኑን ትቶ መጀመሪያ የሚጠረጥረው የውሃ ፓምፑን ነው። ውሃው ፈልቶ አረፋ ሲሆን ብረቱን ማቀዝቀዝ ያቆማል፤ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ይሞቃል፣ ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ይበላል። «ጋሼ፣ ቴስታታው ሄዷል» የሚለው የመካኒክ መርዶ ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት በክዳን ጎማ የተጀመረ ነው።

እዚህ ላይ በየጋራዡ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፦ መኪና ሞቀ ሲባል ተርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። ሐሳቡ ውሃው ያለ ከልካይ ይዙር ነው። በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ግን ተርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ሲከፍት ራዲያተሩን የሚያልፈውን አቋራጭ ይዘጋል። ተርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ የውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተሩን ይዞራል። ከሶዶ በላይ ካለው ከዳሞታ ተራራ ቁልቁል በሚመጣው የማለዳ ብርድ ሞተሩ አልሞቅ ይላል፣ እኩለ ቀን ላይ ጭኖ አቀበት ሲወጣ ደግሞ ይግላል።

ከፍታው የሚነካው ውሃውን ብቻ አይደለም። በአገራችን ሃርድ ቶፕ በሚባሉት ላንድክሩዘሮች ላይ የለመድነው ዋን ኤች ዜድ የተባለው ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር 4.2 ሊትር ነው፤ አየር እየገፋ የሚያስገባለት ተርቦ የለውም፣ የሚተነፍሰው ከባቢው የሰጠውን አየር ብቻ ነው። ሶዶ ላይ በአንድ ዙር የሚስበው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ 3.3 ሊትር ሞተር ከሚስበው አይበልጥም። በወረቀት 130 የሚጠጋው የፈረስ ጉልበት ወደ 100 ይወርዳል። የናፍጣ ፓምፑ ይህን ካላወቀ ናፍጣውን እንደ ድሮው ይልካል፤ የሚያቃጥለው አየር ያጣው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ፓምፕ ደጋ ላይ የናፍጣ መጠኑ ዝቅ መደረግ አለበት። ካርቡራተር ባለው ቤንዚን ላንድሮቨርም ያው ነው፤ ውህዱ ከ10 በመቶ በላይ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ በጠበበች መቀየር ነው፤ በብር ስትሰላ ከአንድ ጉዞ ቤንዚን አትበልጥም።

ታዲያ ተርቦ ብንጨምርስ? የወጣቱ ሁሉ ጥያቄ ይህ ነው። ከፍታ የወሰደውን አየር ብቻ የሚመልስ ለስላሳ ተርቦ በሶዶ አየር ላይ ምክንያታዊ ነው እላለሁ። ችግሩ የሚጀምረው አየሩ ተመልሶ ሲመጣ እጅ ወደ ናፍጣው ማስተካከያ ሲሄድ ነው። የዋን ኤች ዜድ የመጭመቅ ልክ ከ22 ለ 1 በላይ ነው፤ ፒስተኖቹም ለተርቦ ሙቀት ታስበው የተሠሩ አይደሉም። የጭሱን ሙቀት የሚለካ መሣሪያ ሳይገጠም ናፍጣ የጨመረ ሰው ፒስተን ያቀልጣል።

አቀበቱ ሞተሩን እንደሚፈትን ቁልቁለቱ ፍሬኑን ይፈትናል። ከሶዶ ወደ ሁምቦ፣ ከዚያም ወደ አባያ ሐይቅ ሲወረድ ከ800 ሜትር በላይ ከፍታ ይጣላል። 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ኃይል ከ60 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሶዶ ላይ ለማፍላት ይበቃል። ይህን ሁሉ ሙቀት ፍሬን ብቻውን እንዲውጥ መጠየቅ ግፍ ነው። አዲስ የፍሬን ዘይት፣ ዶት 3 የሚባለው፣ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ከርሞ ግን ልኩ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ቧንቧ ውስጥ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለል ይገባል። ሽማግሌ ሾፌሮች በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ጭቃው አጭር ልበል። የወላይታ ቀይ አፈር የሸክላ ቅንጣቱ ብዙ ነው፤ ሲረጥብ በጎማውና በጠንካራው መሬት መካከል ስስ የቅባት ንጣፍ ይፈጥራል። ተራ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ እኩል የመጠምዘዝ ጉልበት ነው የሚሰጠው፤ አንዱ በጭቃ ሲሽከረከር የሌላውም ድርሻ ወደዚያው ትንሽ መጠን ይወርዳል። ሰው ቤንዚን ሲረግጥ ጉድጓድ ይቆፍራል እንጂ አይወጣም። ከጎማው ትንሽ አየር ማውረድ መሬት የሚነካውን ክፍል ያስረዝማል፤ ብዙ ጊዜ ከአሥር ሰው ግፊያ ይሻላል። ሲወጡ መልሶ መንፋት ነው።

ማሻሻል የሚባለው ነገር ጣፋጭም አደገኛም ነው። አሮጌ ላንድሮቨር ላይ የላንድክሩዘር ሞተር መጫን የብዙ ሰው ሕልም ነው። የላንድሮቨሩ 2.25 ሊትር ቤንዚን ሞተር የሚሰጠው የመጠምዘዝ ጉልበት 170 ኒውተን ሜትር አይሞላም፤ ዋን ኤች ዜድ 285 ይሰጣል። አንደኛ ማርሽ ከዝቅተኛው ረዳት ማርሽ ጋር ሲገባ ይህ ጉልበት ጎማ ጋ እስኪደርስ 40 እጥፍ ይባዛል። ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የምትሄደው ዘንግ ሁሉም ለፊተኛው ቁጥር የተሰሉ ናቸው። በድሮ ላንድሮቨሮች የኋላዋ ዘንግ ድሮውንም በመሰበር የታወቀች ናት። መካኒክ ይረግማታል፤ እኔ አልረግማትም፤ እሷ ባትሰበር ኖሮ የሚሰበረው ከሷ የሚወደደው ካምቢዮ ነበር። ወፍራም ዘንግ የሚያስገባ ሰው ስብራቱን አላስቀረም፣ ቦታውን ነው የቀየረው።

የተሰበረ ዘንግ ሳይጣል ይነበባል። ጠመኔ በሁለት እጅ ይዞ ቢጠመዘዝ ስብራቱ በ45 ዲግሪ ገደማ ተጠምዝዞ ይወጣል፤ ግትር ብረትም እንዲሁ ነው። ለስላሳ ብረት በአንድ ጊዜ ጉልበት ከተበጠሰ ደግሞ ልክ በመጋዝ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ፊት ያሳያል። ፊቱ ላይ ከአንድ ጥግ የሚነሡ፣ እየሰፉ የሚሄዱ ቅስት መስመሮች ከታዩ ግን ነገሩ የብረት ድካም ነው፤ ስንጥቁ ለወራት ወይም ለዓመታት በየጉዞው እያደገ ቆይቷል ማለት ነው። የመጨረሻው ጉድጓድ ምክንያት ሳይሆን አጋጣሚ ነበር። የሌላኛዋም ጎን ዘንግ ትታይ።

መኪና ከፍ ማድረግም እንዲሁ ሒሳብ አለው። በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት 1.4 ሜትር፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 75 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል፤ ቆሞ ያለ መኪና የሚገለበጠው 43 ዲግሪ ሲዘም ነው። መኪናው የሚያርፍበት ንብርብር ብረት፣ ባሌስትራ፣ ተጨምሮ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ልኩ ወደ 39 ይወርዳል። ጣሪያው ላይ የዝንጅብል ጆንያ ሲደረደር ደግሞ የባሰ ነው። ከዚህም ሌላ የኃይል ዘንጉ ማዕዘን ስለሚሰፋ መጋጠሚያው ክሮቼራ ቶሎ ያልቃል። የሞተር ለውጥም ቢሆን ሊብሬው ላይ ካለው የሞተር ቁጥር ጋር ያጣላል፤ ወረቀቱ ካልተስተካከለ መኪናው የቴክኒክ ምርመራውን አያልፍም።

ላንድሮቨር የተሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን በነበረበት ጊዜ ስለሆነ አካሉ አሉሚኒየም ነው፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ሁለት የተለያዩ ማዕድናት ተነካክተው የጭቃ ውሃ ሲያገኙ ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ ይበልጥ ኤሌክትሮን የሚለቀው አሉሚኒየሙ ተበልቶ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ «ላንድሮቨር አይዝግም» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው። መጋጠሚያው ላይ ላስቲክ ማስገባትና ቀለም መቀባት ይበቃል። ሻንሲው ደግሞ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሚበላው ከውስጥ ነው፤ ከመግዛት በፊት በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ ድምፁን ማዳመጥ ነው። የደነዘዘ ድምፅ ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር ቀለም አዲስ ከተቀባ ሻጩ ያውቃል።

አንድ ቀን መኪናው በቃ ይባላል። መፍታትም እውቀት ይፈልጋል። መጀመሪያ ባትሪው፣ ከዚያ ዘይቱ በጀሪካን ይወጣል፤ መሬት ላይ የፈሰሰ ዘይት ከዳሞታ ግርጌ ወደሚፈልቁ ምንጮች የሚሄድበት መንገድ አያጣም። አሮጌ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕረሰር መንፋት ክልክል መሆን ነበረበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ጎማው በረባሶ ይሆናል። ብረቱን ቁራሌው ይወስደዋል፣ ከዚያም ቀልጦ የግንባታ ብረት ይሆናል። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ስለሚቀልጥ በከሰል ምድጃ ሊወጣ ይችላል፤ ከማዕድኑ አዲስ ከማምረት አንጻር የሚፈጀውም ኃይል 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ግን አሉሚኒየሙ ወደ ድስት ከሄደ ጥንቃቄ ያሻል፦ እ.ኤ.አ. በ2014 ካሜሩን ውስጥ ከቁርጥራጭ በተሠሩ ድስቶች ላይ የወጣ ጥናት እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ አሳይቷል። የድሮ ራዲያተር የተበየደው በእርሳስና በቆርቆሮ ነው፤ ከአሉሚኒየሙ ክምር ጋር መደባለቅ የለበትም።

አንጥረኛው የሚፈልገው ግን ባሌስትራውን ነው፣ ትክክልም ነው። ባሌስትራ ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦን ያለው ብረት ሲሆን፣ ለቢላ፣ ለማጭድ፣ ለመጥረቢያ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ፋብሪካው አጥንክሮ ካበቃ በኋላ በ450 ዲግሪ አካባቢ አለስልሶታል፤ ስለዚህ ይለጠጣል፣ ተመልሶም ይቆማል። አንጥረኛው እንደገና ያግለዋል፤ ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሮ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ውሃ ፈጥኖ ስለሚያቀዘቅዝ ይህን ዓይነቱን ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል። ቀጥሎ እስከ 200 ዲግሪ፣ ፊቱ የገለባ ቀለም እስኪይዝ፣ ብቻ ያሞቀዋል፤ ስለት የሚይዘው በዚህ ነው። አንዳንድ ባሌስትራ ግን ዘይት ውስጥም ገብቶ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ጥፋቱ የአንጥረኛው ላይሆን ይችላል፤ ስንጥቁ ድሮውንም ከመኪናው ጋር የመጣ ሊሆን ይችላልና። ባሌስትራ ሲደክም ስንጥቁ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ማሠሪያው ቡሎን ከሚያልፍበት መካከለኛ ቀዳዳ ዙሪያ ነው፤ ለቢላ የሚቆረጠው ከቀዳዳው ርቆ፣ ከጫፉ በኩል ነው።