የሚወለደው ልጅና የቤት ዕዳ

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል በአገራችን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ለወላጅ ልብ መጽናኛ ስለ ሆነ ማንም ሊነቅፈው አይደፍርም። ይሁን እንጂ ሕፃኑ ዕድሉን ይዞ ሲመጣ የወላጆቹ ዕዳ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ከሆነ፥ ዕድሉ ከዕዳው ጋር መታገሉ አይቀርም። ዛሬ በዚህ ገጽ ልናነሣው የፈለግነው ይኸንኑ ነው፤ ልጅ ለመውለድ ቀን የሚቈጥሩ ባልና ሚስት የቤታቸውን ዕዳ እንዴት አድርገው ሊይዙት ይገባል?

ከመርካቶ በስተምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ፥ ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን ማታ ማታ የተመላለሰ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ከታክሲ ወርዶ ወደ ሰፈሩ የሚያዘግም ወጣት ሠራተኛ ቤቱ ሳይደርስ ሦስት አበዳሪዎች ይጠብቁታል። አንደኛው የመንደሩ ባለ ሱቅ ነው፤ የዱቤ ደብተሩን ከባንኮኒው ሥር ያወጣል። ሁለተኛው የዕቁቡ ሰብሳቢ ነው። ሦስተኛው ግን በር ላይ አይቆምም፤ እዚያው በኪሱ ውስጥ ሆኖ «የብድር መክፈያ ቀንዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ይልካል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፥ በማግሥቱ ዓመትም በስልክ አነስተኛ ብድር መስጠት ከተጀመረ ወዲህ፥ ያለ ዋስና ያለ ምልጃ በሌሊት መበደር ተችሏል። ይህ ለተቸገረ ሰው ታላቅ ምቾት ነው፤ ነገር ግን ዱሮ ብድርን ያዘገይ የነበረውን ይሉኝታ አብሮ አስቀርቶታል።

ዕዳው በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ

ነገሩን ለማስረዳት አንድ ቤት በምሳሌ እናቁም። ባልና ሚስቱም ሆኑ አኃዞቹ ለማስተማሪያ ያህል የቀረቡ ናቸው። ባል ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን በወር 9,000 ብር በእጁ ይገባል። ሚስት በአንድ የግል ድርጅት ሠርታ 6,500 ብር ታገኛለች። በድምሩ 15,500 ብር ነው። እርስዋ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ሁለቱም ያለባቸውን ዕዳ በአንድ ወረቀት ላይ ለመጻፍ ተስማሙ እንበል። ዕቁቡ ዕጣው አስቀድሞ ስለ ወጣላቸው ገና ስምንት ወር፥ በወር 1,000 ብር መጣል አለባቸው፤ 8,000 ብር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር የተበደሩት 18,000 ብር ቀርቷል፤ በየወሩ 1,200 ብር ከደመወዝ ይቈረጣል። ከአንድ ወዳጅ 6,000 ብር ተበድረዋል። እስከዚህ ድረስ ሁለቱም ያውቁት ነበር። ከዚያ በኋላ ባልየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በስልኩ የወሰደው 2,500 ብር እንዳለ ተናገረ። ሚስቲቱም በበኩልዋ በሱቁ ደብተር ላይ የተጻፈው እርሱ እንደሚያስበው 800 ብር ሳይሆን 3,200 ብር መድረሱን ገለጸች። ጠቅላላው 37,700 ብር ሆነ።

የዚያን ዕለት ቡናው መረር ማለቱ አይቀርም። ቢሆንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደ ተባለው፥ የተደበቀ ዕዳ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ በክፉ ቀን ነው፤ ይኸውም እናቲቱ አራስ ሳለች አበዳሪ በር ሲያንኳኳ ነው። መደበቁ በሕግም ቢሆን አይጠቅምም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለትዳር ጥቅም የተደረገ ዕዳ፥ ማለትም ለባልና ሚስቱ ወይም ለልጆቻቸው መኖሪያ ሲባል የተገባ ዕዳ፥ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢበደረውም እንኳ የሁለቱም የጋራ ዕዳ እንደ ሆነ ይቈጥረዋል። በጋራ የሚከፈለውን ዕዳ በጋራ ማወቅ ደግ ነው።

የትኛው ዕዳ ይቅደም?

ዕዳው ከታወቀ በኋላ የወሩ ወጪ ይጻፋል። የቤት ኪራይ 4,500፥ አስቤዛ 5,200፥ ትራንስፖርት 900፥ ውሃ፥ መብራትና ስልክ 600፥ ዕድር 100 ብር ቢሆን በድምሩ 11,300 ብር ይሆናል። ከ15,500 ላይ ሲነሣ 4,200 ይተርፋል። ከዚህም ለዕቁቡና ለማኅበሩ 2,200 ብር ይሄዳል። የሚቀረው 2,000 ብር ነው። እስከ መውለጃዋ አራት ወር አለ፤ ስለዚህ በእጃቸው ያለው ኃይል 8,000 ብር ብቻ መሆኑን ያውቃሉ። በዚህች ገንዘብ ሁሉንም ዕዳ እንክፈል ቢሉ አይበቃም፤ ስለ ዕዳው ማሰብ ትተው ሁሉንም ለሕፃኑ ዕቃ ቢያውሉትም ከወሊድ በኋላ ይጨነቃሉ። መፍትሔው ተራ ማስያዝ ነው።

በመጀመሪያ የስልኩ ብድር ይከፈል። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም የአገልግሎት ክፍያው ከብድሩ ማነስና ከጊዜው ማጠር ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው። አንዱን ከፍሎ ወዲያው ሌላውን የመውሰድ ልማድ ከያዘም መጨረሻ የለውም። ሁለተኛ የሱቁ ዱቤ ይዘጋ። ባለ ሱቁ ወለድ ባይጠይቅም፥ አራስ ባለችበት ቤት በሌሊት ስኳር ወይም ሳሙና ሲጠፋ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእርሱ በር ስለ ሆነ ያን በር ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ይገባል። ሁለቱ በድምሩ 5,700 ብር ናቸው። ከ8,000 ብር ላይ 2,300 ብር ለሕፃኑ ይቀራል።

ዕቁቡ ግን በምንም ምክንያት አይቋረጥም። ብዙ ወጣቶች ዕጣ ከወጣላቸው በኋላ የሚጥሉትን ገንዘብ እንደ ዕዳ አይቈጥሩትም። ነገር ግን አስቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ገና ተራቸው ያልደረሰ ባልንጀሮቹን ገንዘብ ይዞ ነው የሚኖረው። አቋርጦ ቢገኝ የሚጐዳው ዋሱ ነው፤ ስሙም በሰፈሩ ይጠፋል። ይህ ሥርዓት በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ኬንያውያን ቻማ፥ ሜክሲኮዎች ታንዳ የሚሉት ከዚሁ ዘር ነው፤ በሁሉም ዘንድ የሚቆመው በመተማመን ነው። ገና ዕጣ ያልወጣላቸው ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤተ ሰብ ደግሞ ሌላ ዕድል አለው። ለዳኛውና ለአባላቱ ችግሩን አስረድቶ የመውለጃው ወር ዕጣ እንዲሰጠው መለመን ወይም ዕጣ ከወጣለት ሰው ጋር ተራ መለዋወጥ የተለመደ ነው። አዲስ ብድር ከመፈለግ ይህ ይሻላል።

የወዳጁ 6,000 ብር ይቈይ። ነገር ግን በዝምታ አይቈይ። ባልና ሚስቱ አብረው ሄደው «ልጅ ልንወልድ ነው፤ ዕቁባችን ከወሊድ በኋላ በአራተኛው ወር ያበቃል፤ ከዚያ ጀምሮ በየወሩ 1,000 ብር እንሰጥሃለን» ቢሉት በስድስት ወር ያልቃል። ወዳጅን የሚያስቀይመው የገንዘቡ መዘግየት ሳይሆን ተበዳሪው መንገድ ቀይሮ መሄዱ ነው። ነገሩን በጽሑፍ ማስፈርም አያሳፍርም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር የበለጠ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ያዝዛል።

ይኸው ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል። በወር ከመቶ 10 የሚጠይቅ አበዳሪ በዓመት ከመቶ 120 ጠየቀ ማለት ነው። አራጣ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። ስለዚህ የወሊድ ወጪ ያስጨነቀው ሰው ወደ አራጣ አበዳሪ ከመሄዱ በፊት በመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር መኖር አለመኖሩን ይጠይቅ። በአገራችን የዚህ ዓይነት ማኅበር ፈር ቀዳጆች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ማኅበራቸውን ያቋቋሙት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ተስፋፍቷል።

በአራቱ ወር መጨረሻ፥ ወለዱን ለጊዜው ትተን፥ ያ ቤት 14,500 ብር ከፍሎ ዕዳው ወደ 23,200 ብር ይወርዳል። ዕዳው አላለቀም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ስምና ቀን አግኝቷል። ልጁ ከተወለደ በኋላም 2,000 ብር በየወሩ ለእርሱ ይተርፋል።

ለሕፃኑ የሚያስፈልገው

እዚህ ላይ «2,300 ብር ለሕፃን ምን ይበቃል?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ሕፃኑ በእርግጥ የሚፈልገውን ከመለየት ይጀምራል። በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የእርግዝና ክትትል፥ የወሊድና የክትባት አገልግሎት በነፃ የሚሰጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ መክሯል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን ሳያጓድሉ መመላለስ ነው። ከ2,300 ብር ውስጥ ግማሹ ለሌሊት ታክሲና ጤና ጣቢያው ላጣው መድኃኒት ተለይቶ ይቀመጥ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ 907 መሆኑንም ባልየው በግድግዳው ላይ ጽፎ ይለጥፍ።

ምግቡን በሚመለከት ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ሌላ፥ ውሃም እንኳ ቢሆን፥ እንደማያስፈልገው ሐኪሞች ያስተምራሉ። ከውጭ የሚገባው የቆርቆሮ ወተት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፥ አስቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መድረሱ ስለሚታወስ፥ የቆርቆሮውን ዋጋ መገመት አያስቸግርም። ለእናቲቱ ገንፎና አጥሚት፥ ለሕፃኑ ጡት፤ የአያቶቻችን ሥርዓትና የሐኪሞች ምክር በዚህ ላይ ተስማምተዋል።

ልብሱም እንዲሁ ነው። በፊንላንድ አገር መንግሥት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1938 ጀምሮ ለድኾች እናቶች፥ ከ1949 ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም፥ የሕፃን ልብስና ዕቃ የሞላበት አንድ የካርቶን ሣጥን ይሰጣል። እናቲቱ ይህን የምታገኘው በጊዜው ሐኪም ዘንድ ከቀረበች ነው። ሕፃኑ በዚያው ሣጥን ውስጥ መተኛት ይችላል። ባለጸጋ የሆነ አገር የአንድ ሕፃን መነሻ በአንድ ሣጥን እንደሚያልቅ ካመነ፥ በእኛ ሰፈር የእኅት ልጅ የለበሰውን አጥቦ፥ አሮጌ ነጠላ ቀዶ መጠቅለያ ማድረግ ምን ነውር አለው? አዲስ አልጋና ጋሪ በዱቤ የሚገዛው ለሕፃኑ ሳይሆን ለጠያቂ ዓይን ነው።

ከዚህም በቀር መብትን ማወቅ ራሱ ገንዘብ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለሴት ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፥ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነ ደመወዝዋ ዕረፍት ይሰጣታል፤ ለአባትም ሦስት ቀን ይፈቅዳል። በምሳሌያችን ያለችው ሚስት ይህን ሳታውቅ «ደመወዜ ይቀርብኛል» ብላ ብትበደር ኖሮ ያለ ምክንያት ዕዳ በጨመረች ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅም የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ውሉን ያስመዘገበ ተከራይ በአራስ ቤት ዋዜማ «ኪራይ ጨምር» የሚል ድንገተኛ ቃል አያስደነግጠውም። በቀን ሥራ ወይም በጕልት የምትተዳደር እናት ግን እነዚህ ደመወዞች የሉዋትም፤ የእርስዋ ቤት ከማንም ይልቅ አስቀድሞ ትንሽ ማጠራቀም ያስፈልገዋል።

ድግሱስ?

በመጨረሻ ሁሉም የሚፈራውን እናንሣ። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ በሙስሊም ጎረቤቶቻችን ዘንድ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል። በጥንቃቄ የወረደ ዕዳ ተመልሶ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ሰሞን ነው። «ሰው ምን ይለናል?» ተብሎ በግ፥ ቢራና ድንኳን በብድር ይመጣል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸ ነው። ሃይማኖት የሚጠይቀው ጥምቀቱን ነው እንጂ ድንኳኑን አይደለም፤ አቂቃም የሚታረደው አቅም ላለው ነው። የዕድሩን ድስትና ወንበር ተውሶ፥ ዳቦ ደፍቶና ቡና አፍልቶ ዘመድ ጎረቤትን መጥራት የሚያስከብር እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብላ ገንፎ ይዛ የምትመጣ ጎረቤት የቢራ ሣጥን አትቈጥርም።

ገና ተማሪ የሆኑ፥ ትዳርም ያልመሠረቱ ወጣቶች ይህን አንብበው «የእኛ ጉዳይ አይደለም» እንዳይሉ አደራ እንላለን። የዕዳ ልማድ የሚያዘው በመጀመሪያው ደመወዝ ነው፤ የመተማመንም ልማድ እንዲሁ። ዕጮኛሞች ስለ ሠርጋቸው ልብስ ሲነጋገሩ ስለ ዕዳቸውም ቢነጋገሩ፥ ነገ የሚወለደው ልጅ ዕድሉን ይዞ ሲመጣ በሩን የሚከፍቱለት አባትና እናቱ ይሆናሉ። ያን የእሑድ ወረቀት ያጠፉ ባልና ሚስትም ልጃቸው ሲያድግ የሚያወርሱት አንድ ነገር ይኖራቸዋል፤ በቤታቸው ውስጥ ማንም ከማንም ዕዳ እንደማይደብቅ ያውቃል።